የ12 ዓመት ልጄ የጉልበት ጅማት ተበጥሷል፤ ቁመቱ ገና እየጨመረ ቀዶ ጥገና ይደረግለት?

የሁለት ወንዶች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የትልቁ ልጄ ነው። 12 ዓመቱ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ ይጫወታል። ባለፈው ወር በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ሲጫወት እግሩ መሬት እንደረገጠ ሰውነቱ ዞረ። የነካው ሰው አልነበረም። «ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ» ይላል። ማታውኑ ጉልበቱ አብጦ ሎሚው እንኳን አልለይ አለ። ኤምአርአይ ሲነሣ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ኳስ ወዳጆች ኤሲኤል የምትሉት፣ ሙሉ በሙሉ እንደተበጠሰና ሜኒስከሱም (በጭኑና በቅልጥሙ አጥንት መሐል እንደ ትራስ የተቀመጠው) ጠርዙ ላይ እንደተቀደደ ተነገረን።

ግራ ያጋባኝ ሁለት ሐኪሞች ሁለት ነገር ማለታቸው ነው። አንደኛው ከጭኑ ጀርባ ጅማት ወስዶ፣ አጥንቱን በስቶ በተበጠሰው ቦታ ሊተካው ይፈልጋል። ሁለተኛው «አጥንቱን አልበሳም፤ በጭኑ ውጫዊ ጎን ከሚወርደው ሰፊ ጅማት ቀንሼ በጉልበቱ ውስጥ አሳልፈዋለሁ» ይላል። ሁለቱም የዕድገት ንጣፍ የሚሉት ነገር እንዳይጎዳ ይሰጋሉ። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በየቀኑ እየደወለች «ልጁን ቢላዋ አታስነካው፤ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ፤ ይዘኸው ና» ትለኛለች። ባለቤቴ 16 ዓመት እስኪሞላው እንጠብቅ ባይ ናት። በዚህ ያለፈ ወይም ሙያው ያለው ሰው ካለ ይርዳኝ።

መድፈኛው (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ አትቸኩል። እ.ኤ.አ. በ2022 እና 2023 የውድድር ዘመን ከአርሴናል ሴቶች ቡድን ቤዝ ሚድ፣ ሚዴማ፣ ዊልያምሰንና ቪንሮይተር ተከታትለው በዚሁ ጅማት ከሜዳ ወጡ። ለእነሱ እንጀራቸው ነው፤ ቀዶ ጥገና ቢያደርጉ አይፈረድባቸውም። ያንተ ልጅ ግን ገና ሕፃን ነው። የልጅ አጥንት ተሰብሮ በሳምንታት ይገጥም የለም እንዴ? ጅማቱስ ለምን አይገጥምም? እዚያ አገር ደግሞ ቀዶ ጥገና ንግድ ነው። ጉልበቱን አስሮ ይረፍ፤ ሲያድግ ታየዋለህ። እኛ በሰፈራችን በኮረኮንች ላይ ስንጫወት ስንቱ ጉልበት አብጦ ሟሽሿል።

ፊዚዮቴራፒስቷ (ስቶክሆልም)

መድፈኛው ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብዙ ወላጅ ይጠይቀኛል። አጥንት ሲሰበር ደም ስብራቱ ላይ ይረጋል፤ አዲሱ አጥንት የሚያድገው በዚያ ላይ ነው። ይህ ጅማት ግን መገጣጠሚያው ውስጥ፣ በፈሳሽ ተከቦ የሚኖር ነው። ፈሳሹ የረጋውን ደም ስለሚያሟሟው የተበጠሱት ጫፎች የሚያያዙበት ነገር አያገኙም። ስለዚህ በልጅም ሆነ በአዋቂ፣ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ በአብዛኛው እንደ ቀድሞው አይሆንም። እብጠቱ መሟሸሹ ምንም አያረጋግጥም። ጅማቱ ሳይገጥምም እብጠት ይሟሽሻል።

«እንጠብቅ» ስንልም ምን ማለታችን እንደሆነ እንነጋገር። እኔ በምሠራበት በስካንዲኔቪያ፣ በተለይም በኖርዌይ፣ ትንንሽ ልጆችን ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አለመውሰድ የቆየ አካሄድ ነው። ነገር ግን ልጁ ጉልበቱን አስሮ ቤት አይቀመጥም። ለወራት የጡንቻና የሚዛን ልምምድ ይሠራል፤ እግር ኳስም ሆነ እጅ ኳስ፣ መጠማዘዝና ድንገት መቆም ያለበት ጨዋታ ሁሉ ይቀርበታል፤ ጉልበቱ በየጊዜው ይመረመራል። ጉልበቱ ሮጦ ሲዞር፣ አንዳንዴም ደረጃ ሲወርድ የሚከዳው ከሆነ መጠበቁ ያበቃል። በከዳው ቁጥር ሜኒስከሱና አጥንቶቹን የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት ይፈጫሉ። ጅማት በሌላ ጅማት ይተካል፤ የተፈጨ ልስልስ አጥንት ግን ተተኪ የለውም። አንድን ንቁ የ12 ዓመት ልጅ ለአራት ዓመት «አትሩጥ» ብሎ መያዝ የሚችል ወላጅ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ የጋራ አቋም አውጥተው ነበር። ልጅን ወደ ቀዶ ጥገና የሚወስዱ ምክንያቶች ብለው ካስቀመጧቸው አንዱ መጠገን የሚችል ሌላ ጉዳት አብሮ መኖሩ ነው፤ ለምሳሌ የተቀደደ ሜኒስከስ። ሌሎቹ ጥሩ ልምምድ ተደርጎም ጉልበቱ መክዳቱን ካላቆመ፣ ወይም ልጁ ከሚወደው እንቅስቃሴ መታገዱ ሊታገሠው ከማይችለው ደረጃ ከደረሰ የሚሉ ናቸው። ወንድሜ፣ የእርስዎ ልጅ ሜኒስከሱ ተቀድዷል ብለዋል። በእኛም አገር ቢሆን ይህ ልጅ ከሚጠብቁት ወገን አይመደብም።

የአጥንት ሐኪም (አዲስ አበባ)

ሜኒስከሱን በተመለከተ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ወደ ሁለቱ ሐኪሞች ልሂድ፤ እንደሚመስለው የተጣሉ አይደሉም።

በልጅ አጥንት ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚረዝምበት ስስ የልስልስ አጥንት ንጣፍ አለ። እግራችን የሚረዝመው በአብዛኛው ጉልበት አካባቢ ባሉት ሁለት ንጣፎች ነው። የጭን አጥንት ታችኛው ንጣፍ በዓመት 1 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የቅልጥሙ ላይኛው ደግሞ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራሉ። ቁመት በወንድ 16፣ በሴት 14 ዓመት ላይ ያበቃል ብለን በግርድፉ ብንይዝ፣ የአንድ የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ጉልበት ገና 6 ሴንቲሜትር ያህል ይቀረዋል። ንጣፉ በሙሉ ቢዘጋ እግሩ ያጥራል። በአንድ ጎን ብቻ ቢዘጋ ሌላው ጎን ማደጉን ስለሚቀጥል እግሩ ይጣመማል። ድሮ ሐኪሞች ልጆችን «እስኪያድጉ ይጠብቁ» ይሉ የነበረው ይህን ፈርተው ነው፤ ባለቤትዎም ከሰው የሰሙት ይህንኑ ይመስለኛል።

በኋላ የታወቀው ነገር ንጣፉን የሚዘጋው በአብዛኛው ቀዳዳው ራሱ ሳይሆን ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ነገር መሆኑ ነው። ብሎን ወይም ቁራጭ አጥንት ንጣፉን አቋርጦ ከተቀመጠ ከላይና ከታች ያለው አጥንት ተያይዞ ዕድገቱን ይቆልፈዋል። ቀዳዳው በለስላሳ ጅማት ብቻ ከተሞላ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቆልፈውም። የቀዳዳው ስፋትና አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ካሮት ቀጥ ተደርጎ ሲቆረጥ ፊቱ ትንሽ ክብ ነው፤ በሰያፍ ሲቆረጥ ሞላላና ሰፊ ይሆናል። መሰርሰሪያውም በንጣፉ ላይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንደኛው ሐኪምዎ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ መሐል የተጠጋ ቀዳዳ በስቶ፣ ከጭን ጀርባ የወሰደውን ጅማት አሳልፎ፣ ማሰሪያዎቹን ከንጣፉ ርቆ የሚያስቀምጥ ከሆነ አካሄዱ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው የሚለው ቦስተን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል በዶክተር ላይል ሚኬሊና በዶክተር ሚኒንደር ኮከር ስም የሚታወቀው ዘዴ ነው። ሰፊው ጅማት ከታች ሳይነቀል ከላይ ይቆረጥና በጭን አጥንት ጀርባ ዞሮ፣ በጉልበቱ ውስጥ አልፎ ቅልጥሙ ላይ ይሰፋል። ንጣፉ ጨርሶ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከ200 በላይ ጉልበቶችን ለዓመታት ተከታትለው እንደገና የተበጠሰው ከ100ው 7 እንኳን አይሞላም ነበር።

ከሁለቱ የሚመረጠው በልጁ የአጥንት ዕድሜ ነው። በልደት ቀኑ አይደለም! የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሆነው አንዱ ጢም ሲያወጣ ሌላው ገና ጥርሱን የሚቀይር ልጆች ታውቃላችሁ። የግራ እጅና አንጓው ራጅ ተነሥቶ ከግሩሊችና ፓይል አትላስ ጋር ይነጻጸራል። አትላሱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በክሊቭላንድ ከነበሩ ነጭ ልጆች የተሠራ በመሆኑ በእኛ ልጆች ላይ እንደ ቃለ መሐላ አይወሰድም፤ የወላጆች ቁመትና የጉርምስና ምልክቶች አብረው ይታያሉ። የአጥንት ዕድሜው ከ12 በታች ለሆነ፣ ጉርምስና ላልጀመረው ወንድ ልጅ ብዙ የአሜሪካ ሐኪሞች ንጣፉን የማይነካውን ይመርጣሉ። አውሮፓ ውስጥ በዚያም ዕድሜ በጥንቃቄ የሚበሱ አሉ፤ ውጤታቸውም መጥፎ አይደለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሁለቱ ሐኪሞች የእጁን ራጅ ያዘዘው የትኛው ነው?

የሦስት ልጆች እናት (ነታንያ)

ወንድሜ፣ አይዞህ፤ እኛ ቤትም ገብቶ ነበር። የኔዋ ሴት ናት፤ ስትጎዳ 14 ዓመቷ ነበር። የወር አበባ ካየች ሁለት ዓመት ስላለፋት የዕድገት ንጣፎቿ ሊዘጉ ተቃርበዋል ተባልን፤ እንደ አዋቂ በስተው ሠሩላት። ሐኪሙ ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ ነገረን፤ ስለሚከተለው ግን ጥቂት። ቀዶ ጥገናው በአንድ ጠዋት አለቀ። ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጭኗ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ቀጥኖ ሳየው ደነገጥኩ። በክራንች የትምህርት ቤት ደረጃ፣ ጓደኞቿ ሜዳ ላይ ሆነው የሚልኩላት ቪዲዮ፣ በየቀኑ ያው የማይለወጥ ልምምድ። አምስተኛው ወር ላይ «ደኅና ነኝ፤ አያመኝም፤ ለምን አልጫወትም?» እያለች ከእኔ ጋር ጦርነት ገጠመች። በጣም የሚያስፈራው ጊዜ ይህ ነው፤ ሕመሙ ይጠፋል፤ አዲሱ ጅማት ግን ገና አልጠናም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅህን ራሱን አናግረው። እኛ ስለ ልጅቷ ጉልበት ስንከራከር ማንም እሷን አልጠየቃትም ነበር። ልምምዱን በየቀኑ የሚሠራው እሱ ነው፤ ካልፈለገ የትኛውም ሐኪም አያድነውም።

የሁለት ወንዶች አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ የእጁን ራጅ ያዘዘው ሁለተኛው ነው፤ የአጥንት ዕድሜው 11 ዓመት ተኩል ተባለ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከልጁ ሰውነት ከመቁረጥ ከእኔ ጅማት ቢወሰድስ? ደግሞም እናቴን ምን ልበላት? ሳትስማማ ማድረግ ይከብደኛል።

የአጥንት ሐኪም (አዲስ አበባ)

የአባት አንጀት ነው፤ ሐሳቡም ከየትም የመጣ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ከወላጅ የተወሰደ ጅማት ለልጆች ያደረጉ ሐኪሞች አሉ። በተለመደው አሠራር ግን ከልጁ የራሱ ጅማት ይቀድማል። ከሞተ ለጋሽ የሚወሰደው ደግሞ በወጣቶች ላይ በጣም ስለሚበጠስ ቢያቀርቡልዎ አይቀበሉ። ከሎሚው በታች ያለውን ጅማት ከነአጥንቱ እንውሰድ የሚል ከመጣም እንዲሁ፤ ቅልጥሙ ፊት ያለው ጉብታ ራሱ የሚያድግ ቦታ ነው፤ ቀድሞ ቢዘጋ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይለመጣል።

ሲስተር (ባሕር ዳር)

የእናትዎን ጉዳይ ለእኔ ይተዉት፤ እንደርሳቸው ያሉ እናቶችን በየቀኑ አስተናግዳለሁ። ወጌሻን አልንቅም። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ ዓይቻለሁ፤ በገጠር ሌላ የሚደርስለት የሌለው ሰው ብዙ ነው። ግን አጥብቀው በቀርከሃ ካሰሩት በኋላ ጣቱ ጠቁሮ የመጣ፣ መጨረሻው እግር መቁረጥ የሆነ ልጅም ዓይቻለሁ። ደግሞ ይህ ጅማት ከጉልበት ውስጥ ነው ያለው፤ ማንም እጅ ከውጭ አሽቶ አይደርስበትም። ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «እማዬ፣ አጥንቱ አልተሰበረም፤ አልወለቀም፤ የሚመለስ ነገር የለም።» እውነት ነው፤ ወጌሻው ራሱ ሐቀኛ ከሆነ ይህን ይላል።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ሌላም ልንገራችሁ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ጅማቱ ሳይበጠስ የተተከለበት የቅልጥም አጥንት ጫፍ ይገነጠላል። ከብስክሌት የወደቀ ልጅ ጉልበቱ ወዲያው አብጦ እግሩን መዘርጋት ካቃተው ይህን ጠርጥሩ። ኤምአርአይ አያስፈልገውም፤ ተራ ራጅ ያሳየዋል። ቶሎ ከተገኘ ቁራጩ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የተነሣው ጥቂት ከሆነ በጀሶ ብቻ ይድናል። ሲታሽ ከርሞ ከመጣ ግን አጥንቱ በተሳሳተ ቦታ ይገጥምና እግሩ ሳይዘረጋ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ።

መድፈኛው

እሺ፣ ስለ ራጁ ተረታሁ። ግን ይህ ሁሉ ተደርጎስ ለምን እንደገና ይበጠሳል? እኛ የምናውቃቸው ተጫዋቾች ግማሾቹ በዓመታቸው ተመልሰው አልጋ ላይ ናቸው።

ፊዚዮቴራፒስቷ (ስቶክሆልም)

ግማሾቹ እንኳን አይሆኑም፤ ቁጥሩ ግን የሚያስደስት አይደለም። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት ውስጥ ከአራት አንዱ ገደማ ያንኑ ወይም ሌላኛውን ጉልበት እንደገና ይጎዳል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ የተገኘ ነው። ዋናው ምክንያት መቸኮል ነው። በዚያው ዓመት ከኦስሎና ከዴላዌር የወጣ ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዘጠነኛው ወር በፊት የሚመለስ ሰው በጉልበቱ ቁማር እየተጫወተ ነው። ለልጆች እኛ አንድ ዓመት እንላለን፤ እሱም ቀን ስለሞላ ብቻ አይደለም። የተሠራው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው ጋር ይለካል፤ በአንድ እግር ይዘላል፤ ከዝላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ በካሜራ እናያለን።

የቡድኑን አሠልጣኝም ያነጋግሩ። ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው የፊፋ 11 ፕላስ ማሟሟቂያ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልም። በስዊዘርላንድ፣ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በቼክ ተሞክሮ አጠቃላይ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። አንድ እግር ላይ መቆም፣ መዝለል፣ በትክክል መውደቅ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አሠልጣኞች ግን ሩብ ሰዓቷን ለኳስ መምታት ይመርጧታል። ይህ ያናድደኛል።

የሁለት ወንዶች አባት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ላሳውቃችሁ። ንጣፉን የማይነካውን መርጠናል፤ ሜኒስከሱም አብሮ ይሰፋል። ልጁን ቁጭ አድርገን ጠየቅነው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጁላይ በሚደረገው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ላይ መጫወት ይችል እንደሆነ። እንደማይችል ሲነገረው ለአንድ ቀን አኮረፈ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት የት ከተማ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ የሲስተርን መልስ ስነግራት ዝም አለች፤ ጸበል ልካለች። ዶክተር፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዕድገቱ መታወኩን በምን እናውቃለን?

የአጥንት ሐኪም (አዲስ አበባ)

ቆሞ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ሁለቱን እግሮች በአንድ ፊልም የሚያሳይ ራጅ አለ። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ያስነሡ፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው፤ ብዙዎች ይረሱታል። ከዚያ ስድስተኛው ወር አካባቢ፣ ከዚያም ዕድገቱ እስኪያበቃ በየጊዜው። ንጣፉን ያልነካ ዘዴ ቢሆንም እንኳን ይከታተሉት፤ አልፎ አልፎ የተሠራው እግር ከሌላው የሚረዝምበትም አለ። መጣመም ቶሎ ከታየ ንጣፉን በአንድ ጎን ለጊዜው የሚይዝ ትንሽ ጠፍጣፋ ብረትና ብሎን ተደርጎ አጥንቱ በራሱ ዕድገት ይቃናል። ይህ ግን የሚሠራው የሚቀር ዕድገት ካለ ብቻ ነው፤ 16 ዓመት ሞልቶት ቢመጣ አጥንት ቆርጦ ማቃናት ይሆናል። ሜኒስከሱ ስለሚሰፋ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩን እንዳይረግጥበት፣ ጉልበቱንም ከተፈቀደው በላይ እንዳያጥፍ ሊከለክሉት ይችላሉ፤ «ጎረቤት ልጅ በሁለተኛው ቀን ረገጠ» የሚል ቢመጣ አይስሙ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም የባት ሕመምና እብጠት ካዩ በዚያው ቀን ይደውሉ።

የሦስት ልጆች እናት (ነታንያ)

እግዚአብሔር በሰላም ያውጣው። ለመታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ግዛ፤ ሰፊ ቁምጣም አዘጋጅ፤ ሱሪ በጉልበት ማሰሪያው ላይ አይገባም። የትምህርት ቤቱን የአሳንሰር ፈቃድ ደግሞ አሁኑኑ ጠይቅ። እኛ ጋር ቅጹ ተፈርሞ የመጣው ልጅቷ ክራንቹን ከጣለች በኋላ ነው።